«እስኪ አንድ ነገር በሉን» ሲባሉ፤ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከቡሬ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ፣ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላምና ከሞጣ የተላኩ ናቸው። የጸሐፊዎቹ ሥራና ዕድሜ የተለያየ ቢሆንም ዞሮ ዞሮ ሁሉም የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሳይዘጋጁ በሰው ፊት ቆሞ መናገር ወይም ማዜም ነው። ስለዚህ በአንድነት ልናስተናግዳቸው መረጥን። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተናል።

ከቡሬ

«የግብርና ባለሙያ ነኝ። ማሳ ላይ ከአርሶ አደሮች ጋር ስወያይ አፌ አይያዝም። ስብሰባ ላይ ግን ሰብሳቢው ድንገት ወደ እኔ ዞሮ ‹እስኪ አንተም አንድ ነገር በል› ሲለኝ የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል። መናገር ከጀመርሁ በኋላም ዐረፍተ ነገሩ እየረዘመ ይሄድና ማብቂያው ይጨንቀኛል፤ ሰውም እርስ በርሱ ይንሾካሾካል። ሰሞኑን ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት ስናገር ይኸው ደረሰብኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

«ማሳ ላይ አፌ አይያዝም» ያሉት ቃል ግማሹን መልስ ይዟል። አንድ አርሶ አደር በበቆሎው መካከል ቆሞ «ቅጠሉ ቢጫ የሆነብኝ ለምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅዎ ከፊትዎ ያለው አንድ ሰው፣ የተጠየቁትም አንድ ነገር ስለ ሆነ መልሱ አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት ተለይቶ ይታወቅዎታል። «ናይትሮጅን አንሶታል» ይላሉ፤ ነገሩም በዚያው ይቋጫል። ሰብሳቢው «አንድ ነገር በል» ሲልዎ ግን የተጠየቀ ነገር የለም። ዕውቀትዎ አልከዳዎትም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ሊመልሱ ስለ ተነሡ ነው መያዣ መጨበጫው የጠፋዎት። እንግዲህ ከመቀመጫዎ ሲነሡ ጥያቄውን ራስዎ ለራስዎ ያቅርቡ፤ «እነዚህ ሰዎች ከምናገረው ውስጥ አንዱን ብቻ ይዘው ወደ ቤታቸው ቢሄዱ የትኛውን ይዘው እንዲሄዱ እፈልጋለሁ?» ይበሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ ተነሥቶ ኮትን አስተካክሎ ለመቆም ከሚወስደው አይበልጥም።

የዐረፍተ ነገርዎ መርዘም ሁለተኛው ችግር ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚከፋው ይህኛው ነው፤ ብዙ ዐዋቂ ሰዎችንም አደባባይ ላይ ጥሏቸዋል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚለው ሁሉ አስቀድሞ ይደረደርና «ሆነ» ወይም «አልሆነም»፣ «ይደረግ» ወይም «ይቅር» የሚለው ፍርድ የሚሰማው በስተመጨረሻ ነው። የሚጽፍ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ስለሚችል ይህ አያሳስበውም፤ እንዲያውም ረጅሙ ዐረፍተ ነገር በጽሑፍ ያምርለታል። ሳይዘጋጅ የሚናገር ሰው ግን ማሰሪያውን ሳይዝ ከተነሣ «በተመለከተ»፣ «አንጻር»፣ «ጋር ተያይዞ» እያለ ሐረግ በሐረግ ላይ ይደርባል፤ አንዱ ሐረግ ሌላውን ይጠራል፤ አድማጩም ፍርዱን ሲጠብቅ ቆይቶ ይሰለችና ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ወሬ ይጀምራል።

ምናልባት የእርስዎም ንግግር እንዲህ ጀምሮ ይሆናል፦ «በወረዳችን ያለውን የማዳበሪያ ሥርጭት በተመለከተ ካለፈው ዓመት አፈጻጸም አንጻር ስናየው አርሶ አደሩ በወቅቱ ካለማግኘቱ የተነሣ ከሚያቀርባቸው ቅሬታዎች ጋር ተያይዞ…» ከዚህ በኋላ ወዴት ይኬዳል? እንኳን የተደናገጠ፣ የተረጋጋ ሰውም ቢሆን ከዚህ ዐረፍተ ነገር በሰላም መውጣት ያቅተዋል። አሁን ደግሞ ፍርዱን አስቀድመው ይዘው ይነሡ፦ «ማዳበሪያው በቆሎ ከመዘራቱ በፊት ይድረስልን። አርሶ አደሩ ማሳውን አርሶና አለስልሶ እየጠበቀ ነው። ከዘር ጋር መግባት የነበረበት ማዳበሪያ ከዘር በኋላ ቢመጣ የሚሰጠው ጥቅም ያነሰ ነው።» እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ቶሎ ይታሰራል፤ ቢቋረጡ እንኳ የተናገሩት ሙሉ ነው። ከዚህ በላይ የሚያክሉት ማስረጃ ካለዎት ያክላሉ፤ ከሌለዎት «አመሰግናለሁ» ብለው ይቀመጣሉ። የሚሉትን ከጨረሱ በኋላ ቆመው መቆየት ንግግሩን ያበላሸዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መልካም ነገር ተናግሮ ካበቃ በኋላ በሚጨምራት ነገር ነው።

ስለ ድንጋጤውም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ሰው ድንገት ሲጠራ አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ይበዛል፤ ልብ ይመታል፤ አፍ ይደርቃል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ የሰውነት ሥራ ስለ ሆነ እንዳይመጣ መታገል ድካም ብቻ ነው። የሚረዳው ትንፋሽን ከሚስቡት ረዘም አድርጎ ማውጣት፣ የመጀመሪያውንም ዐረፍተ ነገር ከልማድዎ ዝግ ብሎ መናገር ነው። በሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ዝም ቢሉ ዝምታው ለእርስዎ ረጅም መስሎ ይሰማዎታል፤ ለአድማጩ ግን የሚያስብ ሰው ዝምታ ነው፤ አይከብደውም። «እ…» እና «ማለት ነው» እያሉ ዝምታውን መሙላት ነው የሚከብደው።

ሰብሳቢዎችም ይህን ቢያነቡት እንወዳለን። «አንድ ነገር በል» ብሎ ሰውን ማስነሣት አክብሮት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ማስጨነቅ ነው። «ማዳበሪያው መቼ ቢደርስ ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ ሰብሳቢ ባለሙያውን ማሳ ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲናገር ያደርገዋል፤ ስብሰባውም መልስ ያገኛል።

ከደብረ ማርቆስ

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የቅኔ ሊቃውንት በማኅሌት ላይ እንደ ቆሙ፣ ሳይዘጋጁ፣ አዲስ ቅኔ ያቀርባሉ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ አምናለሁም። ልጄ ግን ‹አስቀድመው አዘጋጅተው፣ በቃላቸው አጥንተው የሚመጡት ነው› ይለኛል። የማንኛችን እውነት ነው?»

በዚህ አገር ይህን ጥያቄ ማንሣትዎ ደስ አሰኝቶናል። ጎንጅ፣ ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ የሚገኙበት ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የጎንጁ ተዋነይም ከቅኔ ጀማሪዎች አንዱ መሆኑን ሊቃውንቱ ሲተርኩ ኖረዋል። ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ ተማሪዎች ደበሏቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን ይዘው፣ ቁራሽ እየለመኑ ወደዚህ ሲመጡ የኖሩት ለዚሁ ትምህርት ነው።

ልጅዎ ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ ለትልቅ በዓል ቅኔውን አስቀድሞ ሲያወጣና ሲያወርድ የሚያድር ባለ ቅኔ አለ፤ ይህም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በቆመበት የሚነጥቅም አለ፤ እርስዎ የሰሙት እውነት ነው። የሁለቱ ሰዎች መንገድ ግን አንድ መሆኑን ልናሳይዎ እንወዳለን።

የቅኔ ተማሪ ግሡንና አገባቡን እያጠና ይጀምራል። ቅኔ መቁጠር ሲጀምር ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ቀኑን ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ሲያሰላስል ይውላል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ቃሉ የሳተበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትን፣ ቤቱ ያልመታበትን እየነቀሱ ያርሙታል። ጉባኤ ቃናው ሲቃናለት ቤት እየጨመረ ወደሚቀጥሉት ቅኔዎች ያልፋል፤ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስም ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ የመምህሩንና የጓደኞቹን ቅኔ ሲሰማ ይኖራል። መጀመሪያ ሙሉ ቀን የፈጀበት ሥራ ከጊዜ በኋላ እኩል ቀን፣ ከዚያም ጥቂት ሰዓት፣ በመጨረሻም አንድ ዜማ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። በነጠቃ የምናደንቀው ሊቅ ይህን መንገድ የተጓዘ ሰው ነው።

በማኅሌቱም ላይ ሁሉንም ነገር ከባዶ አይጀምርም። የቤቱ ብዛት፣ የዜማው ልክና ቅኔው የሚገባበት ቦታ በሥርዓት የተወሰኑ ናቸው። የበዓሉን ታሪክ ያውቃል፤ ስለዚህ ወርቁ ከእጁ ነው። የጊዮርጊስ በዓል ከሆነ ወርቁ ሰማዕቱ፣ ስቃዩ፣ አክሊሉ ነው። የሚፈልገው ሰሙን ነው፤ እሱንም ከዓይኑ ፊት ያገኘዋል፤ የዘገየው ዝናብ፣ የጎተራው መጉደል፣ ከሩቅ የመጣው እንግዳ፣ በዚያ ሳምንት ያረፈው ሽማግሌ ሁሉ ሰም ይሆኑታል። መድረሻውን ይዞ መነሻውን ስለሚፈልግ መንገዱ አይጠፋበትም። ለቡሬው ጸሐፊ «ፍርዱን አስቀድመው ይያዙ» ያልነው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

ጊዜም ይሰጠዋል። የቅኔው ዜማ ዝግ ያለ ነው፤ ከጎኑም ቅኔ ተቀባይ ቆሞ የተባለውን እየተቀበለ ያዜማል። ተቀባዩ አንዱን ቤት ሲያዜም የባለ ቅኔው ልቡና በሚቀጥለው ቤት ላይ ነው። አባቶቻችን ሳይዘጋጁ ለሚያቀርቡ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ማረፊያ ማዘጋጀታቸው በጣም ያስደንቀኛል። መራቂው ሽማግሌ በየመካከሉ የሚሰማው «አሜን»፣ ዘፋኙ የሚያገኘው የተቀባዮች ድምፅ፣ ሙሾ አውራጇ ሕዝቡ ሲያለቅስ የምታገኘው ፋታ ሁሉ ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣሉ። በድሮው ችሎትም በላ ልበልሃ የሚባባሉት ተሟጋቾች ክርክሩን የሚከፍቱት በታወቀ የቃል ሥርዓት ነበር፤ ያ ሥርዓት እስኪነገር ድረስ ነገረኛው ነገሩን በልቡ ያሰናዳል።

አንድ ነገር ግን ለልጅዎ አጥብቀው ይንገሩልን። አንድ ጊዜ የቀረበ ቅኔ እንደገና ተደግሞ አይቀርብም፤ በየጊዜው አዲስ ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ የሌላውን ሸምድዶ ወይም የዓምናውን ይዞ የሚመጣ ሰው በሊቃውንቱ ፊት ወዲያው ይታወቅበታል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ሚልማን ፓሪ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1935 ባለው ጊዜ በዩጎዝላቪያ እየተዘዋወረ ጉስሌ እየመቱ ረጃጅም የጀግንነት ታሪክ የሚያዜሙ ሰዎችን ድምፅ ቀርጾ ነበር። ጉስሌ እንደ ማሲንቋችን የፈረስ ጭራ ተወጥሮበት በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ፣ አቭዶ መጀዶቪች የተባለው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ከ12 ሺህ በላይ ስንኝ ያለው ታሪክ በቃሉ አስጽፏል። ሌላው ሰው ሲያዜም አንድ ጊዜ ብቻ የሰማውንም ታሪክ ወዲያው ተቀብሎ ሲያዜመው ርዝመቱን ከእጥፍ በላይ አድርጎታል። ፓሪና ተማሪው አልበርት ሎርድ እንደ ተረዱት እነዚህ ሰዎች ታሪኩን ቃል በቃል አያጠኑትም፤ በዜማው ልክ የተሰፉ ብዙ ሐረጎች በአፋቸው ላይ ስላሉ የታሪኩን ሂደት ካወቁ ስንኙን በዚያው ቅጽበት ይሠሩታል። የእኛ ቅኔ ከዚህም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የተለመደ ሐረግ ቢያዘንብ ምሥጢር የሌለው ቅኔ አይወደስም።

ከዳንግላ

«በሠርግና በልዩ ልዩ ድግስ ላይ ማሲንቆ እየመታሁ እዘፍናለሁ። ሰው ‹ተቀበል› ብሎ ግጥም ሲሰጠኝ አያስቸግረኝም፤ እቀበላለሁ። ‹እስኪ ለእሱም በልለት› ተብሎ አንድ እንግዳ ሲጠቆምልኝ ግን የሚመጡልኝ ሁሉም የሚያውቃቸው የቆዩ ስንኞች ናቸው። ወዲያው መግጠምን መማር ይቻላል?»

ይቻላል፤ ከየትኛው ስንኝ መጀመር እንዳለብዎ ግን ማወቅ አለብዎ። አብዛኛው ጀማሪ በልቡ የመጀመሪያውን ስንኝ ሠርቶ ያዜመዋል፤ ከዚያ ለሁለተኛው ቤት የሚመታ ቃል ሲፈልግ ዜማው ይደርስበታል። የለመዱት አዝማሪዎች ሁለተኛውን ስንኝ ነው አስቀድመው የሚይዙት፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ስለ ሆነ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ከሸዋ ወደ ጎጃም ለሠርግ የመጣ አንድ መምህር ተጠቆመልዎ እንበል። ስለ መምህር የሚባለው ምስጋና ምንድን ነው? ፊደል ማስቆጠሩ ነው። እንግዲህ «ፊደል ያስቆጠረን ሰው ያረገን እሱ» የሚለውን ስንኝ በልብዎ ያዙ። ስድስትና ስድስት ቀለም ስላለው ለዜማው ልክ ነው፤ የሚያበቃውም በ«ሱ» ነው። አሁን የሚያስፈልግዎ በ«ሱ» የሚያልቅ ቀላል ስንኝ ብቻ ነው፤ ቅዱሱ፣ ልብሱ፣ ፈረሱ፣ ድግሱ እያሉ ሲሄዱ ያለንበት ቦታ ድግስ ነውና «ድግሱ» ይመጣል። ሰውየው ደግሞ ዓባይን አቋርጦ ነው የመጣው።

ዓባይን ተሻግሮ መጣ ለድግሱ፤
ፊደል ያስቆጠረን ሰው ያረገን እሱ።

ታዳሚው የመጀመሪያውን ሲሰማ ገና ስለ ማን እንደሆነ ይጠባበቃል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ሰውየው ይታወቅና እልልታው ይነሣል። ተራ የሆነው ስንኝ መጀመሪያ መምጣቱ ጉዳት የለውም፤ ጥሩው ስንኝ ቀድሞ ተራው ቢከተለው ነበር ግጥሙ የሚወድቀው። በሁለቱ ስንኞች መካከል ማሲንቆውን አንድ ዙር ቢመቱ ማንም አያስተውልብዎም፤ ቢያስተውልም የሚያስውበው ይመስለዋል።

ልምምዱን ያለ ሰው ያድርጉት። በየመንገዱ የሚያዩትን ነገር ስም ይያዙና በዚያ የሚያልቁ ቃላት ይሰብስቡ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ስንኝ፣ ቀጥሎም የመጀመሪያውን ይሥሩ። ድግስ ቤትም ሲደርሱ ገና ማሲንቆውን ሳያወጡ አስተናጋጆቹን «ከሩቅ የመጣው ማን ነው? ለሙሽራው ምኑ ነው? ሥራው ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁ። አዝማሪ ሲባል በዓይንና በጆሮ የሚሠራ ሰው ነው፤ በቤቱ ውስጥ ያለውን የማያውቅ ሰው ድምፁ ቢያምር እንኳ ሁልጊዜ የቆየውን ሲደግም ይኖራል። የማያውቁትን ግን አይግጠሙ። ያልተማረውን ሰው «ሊቅ» ብሎ ማወደስ ወይም ሰው የደበቀውን ነገር በሰም ማውጣት እንግዳውን በአደባባይ ያሳፍረዋል፤ የሰውየው ዘመዶችም አይረሱትም።

ከቢቸና

«በአባቴ ቀብር ላይ ‹ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይናገር› ተብሎ በድንገት እኔ ተጠራሁ። ሁለት ቃል እንደ ተናገርሁ እንባ ቀደመኝና ሌላ ሰው ተካኝ። አሁን አርባቸው ደርሷል፤ ዳግመኛ እንዳልጠራ እፈራለሁ።»

እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የአባትዎንም ነፍስ ይማር። ለአባቷ ያለቀሰች ልጅ ያጎደለችው ነገር የለም፤ ለቅሶ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ያለፈውን እንደ ውርደት አይቁጠሩት።

ለአርባው ዕለት የአባትዎን ዘመን ሁሉ ልተርክ ብለው አይነሡ። ሙሾ አውራጆች ለማያውቁት ሟች የሚያወርዱት ስንኝ ሰውን የሚያስለቅሰው አስቀድመው «ምን ነበር ሥራው? እንግዳ እንዴት ይቀበል ነበር? በሬዎቹስ?» ብለው ጠይቀው ከሰሙት ውስጥ አንዱን ስለሚይዙ ነው። እርስዎ መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ ያውቁታል። አንዲት ሥራ ይምረጡ፤ የተጣሉ ጎረቤቶችን ማስታረቃቸውን፣ ወይም ክረምት ላይ እህል ላለቀበት ሰው ጎተራቸውን መክፈታቸውን፣ እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን። እሱን በሦስትና አራት ዐረፍተ ነገር ይናገሩና ለቅሶ ለደረሰው ሰው ምስጋና አቅርበው ይጨርሱ። የምስጋናውን ቃል ከሁሉ አስቀድመው ይያዙ፤ እንባ ቢመጣ በቀጥታ ወደ እሱ ይሂዱ፤ ንግግርዎ በመካከል እንደ ተቋረጠ አይታይም። አንድ ዘመድ ከጎንዎ እንዲቆምም ይጠይቁ፤ ባይናገርም መቆሙ ያበረታል።

ከፍኖተ ሰላም

«‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል› ይባላል። ሰው ሳይዘጋጅ እንዲናገር ከማስተማር ይልቅ ሁልጊዜ ጽፎ እንዲያነብ ቢመከር አይሻልም?»

ቁጥርና ሕግ የሚጠቀስበት፣ ቃሉ ኋላ የሚያስጠይቅበት ንግግር ከሆነ ይጻፍ፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነን። ነገር ግን ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አያነብም፤ የልጅቷ አባት ምን ብለው እንደሚመልሱ፣ «እስኪ ዘመድ ላማክር» ይሉ ወይም ሌላ ነገር ያነሡ እንደሆነ አስቀድሞ መጻፍ አይቻልምና። ጎረቤትን ማስታረቅም፣ የታመመን ማጽናናትም፣ ስብሰባ ላይ ለተነሣ ክስ መመለስም እንዲሁ ናቸው። ከንግግራችን አብዛኛው የሚውለው ወረቀት በማይደርስበት ቦታ ስለ ሆነ መልመዱ ግድ ነው። ተረቱም ቢሆን ቀድሞ መታጠቅን እንጂ ተጽፎ መነበብን አያዝም፤ የቅኔ ተማሪው በወንዝ ዳር የዋለባቸው ዓመታት መታጠቂያው ናቸው።

ከሞጣ

«የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን ርእስ የተጻፈባቸው ብጥስጣሽ ወረቀቶች በሣጥን አድርገው ያስወጡንና በደረሰን ርእስ ለሁለት ደቂቃ ያለ ዝግጅት እንድንናገር ያዙናል። ተራዬ ሲደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ውጤት ስለሚያዝበትም እጨነቃለሁ። እንዴት ልለማመድ?»

መምህርሽ የሚያደርጉት ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ቢለመድ እንዴት ደስ ባለን! ብዙ ተማሪ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ ያነበበው ብዙ ሆኖ ቆሞ የተናገረው ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ኋላ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ የሚቸገረውም ለዚህ ነው። ውጤቱ ግን የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ባይያዝበት እንመርጥ ነበር፤ ሳይፈራ የሚሳሳት ልጅ ቶሎ ይማራል፤ ይህንንም ለመምህርሽ በአክብሮት ብትነግሪያቸው ነውር የለበትም።

ልምምዱን ከእንካ ሰላንቲያ ጀምሪ። በልጅነትሽ ተጫውተሽው ይሆናል፤ አንዱ የአንድ ነገር ስም ይጠራል፤ ሌላው ሳይቆይ በዚያው ስም ቤት የሚመታ መልስ ይሰጣል፤ የዘገየ ተሸናፊ ነው። ጨዋታው የልጆች ስለ ሆነ ይናቃል እንጂ ፈጥኖ ማሰብን በዚህ መልክ የሚያለማምድ ሌላ ነገር በቤትሽ አታገኚም። ከታናናሾችሽ ጋር ማታ ማታ ተጫወቺው፤ አፍሽ ይፈታል፤ ተሸንፎ መሳቅንም ትለምጃለሽ፤ ክፍል ውስጥ የሚያንቀጠቅጥሽም ባብዛኛው መሸነፍን መፍራት ነው።

ከዚያ ቡና ሲፈላ እናትሽን ወይም ወንድምሽን «አንድ ርእስ ስጡኝ» በያቸው። «ከተማና ገጠር ኑሮ የቱ ይሻላል?» ተባልሽ እንበል። የሁለቱንም ጥቅምና ጉዳት ልዘርዝር ብለሽ አትነሺ፤ ሁለት ደቂቃ ለዚያ አይበቃም፤ መጨረሻሽም ይጠፋሻል። ወዲያው አንዱን ምረጪ፤ «ገጠር ይሻላል» ብለሽ ከወሰንሽ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገርሽን በልብሽ አዘጋጂ፤ ለምሳሌ «እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ገጠር እመለሳለሁ» የሚል ይሁን። ከዚያ ለምን እንደምትመለሺ ራስሽ ካየሽው አንድ ነገር ተናገሪ፤ የአያትሽ ቤት፣ የመኸር ጊዜ ደቦ፣ ወተቱ፣ ወይም ሌላ። ሁለተኛ ምክንያት ከመጣልሽ ጨምሪው። ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ወይም ነገር ሲጠፋብሽ ወደ ያዝሽው ዐረፍተ ነገር ሄደሽ ጨርሺ። ቃል ቢሰናከልብሽ ወደ ኋላ ተመልሰሽ «ይቅርታ» አትበዪ፤ ትክክለኛውን ቃል ብቻ ተናግረሽ እለፊ።

እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ብጥስጣሿን ወረቀት ይዘሽ ስለምትቆሚ ከሆነ፣ ርእሱን አንብበሽ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኑሪያት፤ እጅሽን በእጅሽ ያዢ። ከክፍሉ ውስጥ በመልካም ዓይን የምታይሽን አንዲት ጓደኛሽን ፈልጊና የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ለእሷ ንገሪያት፤ ሁለተኛውን ለሌላዋ፣ ሦስተኛውንም ለመምህርሽ።